ለማያርፍ ውሻ የሚሆን ኬጅ፦ የአንድ የደሴ ግቢ ጉዳይ

ውሻው የአበሻና የጀርመን ሸፐርድ ክልስ ነው፤ ወንድ፣ የ14 ወር፣ 21 ኪሎ። የሚኖረው ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ፣ ሦስት ቤተሰብ አንድ የውጭ በር በሚጋራበት ግቢ ነው። ባለቤቶቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ሁለቱ ጎረቤቶች ሙስሊሞች። አባወራው ኮምቦልቻ ስለሚሠራ ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይገባል፤ እማወራዋ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ተኩል ሱቅ ላይ ናት፤ ልጃቸው ትምህርት ቤት። ውሻው በየቀኑ አራት ሰዓት ተኩል የሚያየው የቤት ሰው የለም ማለት ነው። ችግሩ ያለው እዚህ አራት ሰዓት ተኩል ላይ እንጂ ሌሊቱ ላይ አልነበረም፤ ማታ ማታ እንደ አገሩ ልማድ ተለቆ ግቢ ይጠብቃል።

ቀን የሚታሰርበት ሰንሰለት 2 ሜትር ነበር። በሰንሰለቱ ልክ ዙሪያውን መሬቱን ቆፍሮታል፣ አንገቱ ላይ ፀጉሩ አልቆ ቆዳው ቀልቷል። ሰው ባለፈ ቁጥር እስከ ሰንሰለቱ ጫፍ ተወርውሮ ይጎተታል። ጉልበት ያለው ወጣት ውሻ በየቀኑ ሰው እያየ ሳይደርስበት ሲቀር ንዴቱ ይከማቻል፤ ውሎ ሲያድር ያልፍ ያገድመውን ሁሉ እንደ ጠላት ማየት ይጀምራል። ሁለት ጊዜ ማሰሪያውን ከአንገቱ አሾልኮ አስፋልት ላይ ከተገኘ በኋላ ቤተሰቡ ኬጅ (የብረት ፍርግርግ ማቆያ) ለማሠራት ወሰነ።

ትልቁ ኬጅ ለምን አልሠራም

ከብየዳ ቤት ያዘዙት 120 በ80፣ ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኬጅ ነበር። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ውሻው ጉልበተኛ ስለሆነ ሰፋ ይበልለት ነው። በያጁ ደግሞ ብረት እንዳይበዛ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፌሮ አግድም፣ በየ8 ሴንቲ ሜትሩ በየደው። በሩ አንዱን ጎን ሙሉ የያዘ፣ መሃሉ ላይ አንድ መቀርቀሪያ ብቻ ያለው ነው። ወለሉ ባዶ ላሜራ። የተቀመጠውም ውጭ በሩ አጠገብ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ላይ።

120 ሴንቲ ሜትር ለመሮጥ አይበቃም፤ ለመንደርደር ግን ይበቃል። ውሻው ወደ ኋላ ሸሸት እያለ በሩን በትከሻው መምታት ጀመረ። ትርፍ ቦታውም ሌላ ጣጣ አመጣ፦ አንዱን ጥግ መኝታ፣ ሌላውን ጥግ መሽኛ አደረገው። ውሻ የሚተኛበትን ላለማቆሸሽ የሚጠነቀቀው ቦታው ልኩ ሲሆን ነው፤ ራቅ ብሎ የሚሸናበት ካገኘ አይጨነቅም።

የ8 ሴንቲ ሜትሩ ክፍተት ከዚህም የባሰ ነው። መካከለኛ ውሻ በዚያ ክፍተት አፍንጫና መንጋጋውን አሾልኮ ብረቱን በመንጋጋ ጥርሱ ያገኘዋል። አግድም ብረት ሲሆን ራሱን ቀጥ እንዳደረገ ይነክሰዋል፤ ቁም ብረት ለመንከስ ግን ራሱን ማጋደል ስላለበት ቶሎ ይሰለቸዋል። አግድሙ ለመውጣትም መሰላል ነው። ባለ 6 ፌሮ ደግሞ ከጫፍ ጫፍ 120 ሴንቲ ሜትር ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ ሰው በእጁ ሊያጎብጠው ይችላል፤ ውሻ በትከሻው ሲመላለስበት ይቅርና። የፊት እግሩን አሾልኮ ሲጎትት አንድ ጥፍሩ ከሥሩ ተነቀለ።

በሩ ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነበር። መሃል ላይ ያለ አንድ መቀርቀሪያ የሚይዘው መሃሉን ብቻ ነው፤ የታችኛው ጥግ ሲገፋ ሦስት ጣት ያህል ይከፈታል። ውሻ ሽታና ብርሃን የሚገባበትን እንዲህ ያለ ቀዳዳ ለማግኘት ጊዜ አይፈጅበትም። አፍንጫውን እዚያ ጥግ ሰክቶ ሲገፋ፣ ሲያወጣ፣ መልሶ ሲገፋ ዋለ። እማወራዋ ከሱቅ ስትመለስ ከአፍንጫው በላይ ያለው ቆዳ ተልጦ፣ የበሩ ጥግ ላይ ደምና ፀጉር ደርቆ አገኘች። ብየዳው በግራይንደር አልለሰለሰም ነበርና የተንጠባጠበው ብረት እንደ ሾጠጠ ቀርቶ ድዱንም ቀዶታል።

ይህ የሆነው ኬጁ በመጣ ማግስት ነው። ውሻው ገብቶበት የማያውቀው ነገር ውስጥ በአንድ ጊዜ አራት ሰዓት ተኩል ተዘጋበት። ከብረቱ ጉድለት ሁሉ የከፋው ይሄ ነው፤ ብረት ተቆርጦ ይቀየራል፣ ኬጅ የፈራን ውሻ ማስረሳት ግን ሳምንታት ይጠይቃል።

ልክ መውሰድ

ለሁለተኛው ኬጅ ውሻው ራሱ ተለካ። ልክ የሚወሰደው ውሻው በአራት እግሩ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ከግድግዳ ጎን ነው፤ አንድ ሰው አገጩን ይዞ ያረጋጋዋል፣ ሌላው ይለካል። ሁለት ቁጥር ይበቃል። አንደኛው ከአፍንጫው ጫፍ እስከ ጅራቱ መብቀያ ነው፤ ጅራቱ አይቆጠርም። ሁለተኛው ከመሬት እስከ አናቱ፤ ጆሮው አይቆጠርም፣ ስለሚታጠፍ። የዚህ ውሻ 76 እና 56 ሴንቲ ሜትር ሆነ።

በርዝመቱ ላይ 10፣ በቁመቱ ላይ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጨመራል። ስፋቱ ከርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ከሆነ ውሻው ሳይጨናነቅ ይዞራል። በዚህ ስሌት የውስጡ ልክ 86 በ56፣ ከመኝታው በላይ የሚቀረው ቁመት 63 ሴንቲ ሜትር ወጣ፤ የብረቱና የወለሉ ውፍረት ሲታከልበት ከውጭ 90 በ60 በ70። ቆሞ፣ ዞሮ፣ እግሩን ዘርግቶ በጎኑ ይተኛበታል፤ መንደርደር ግን አይችልም። ውሻው 14 ወር ስለሆነው ከዚህ ብዙ አያድግም። የአራት ወር ቡችላ ቢሆን ኖሮ በሚያድግበት ልክ ተሠርቶ ውስጡ በተንቀሳቃሽ ፍርግርግ መከፈል ነበረበት።

ከብየዳ ሌላ ምን አማራጭ ነበር? ከአዲስ አበባ የሚመጣው ተጣጣፊ የሽቦ ኬጅ በልክ ደረጃ ይስማማው ነበር፤ ለመካከለኛ ውሻ የሚሠራው 91 በ58 በ63 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱም ብየዳ ቤት ከሚሠራው ግማሽ ያህል ቢሆን ነው፣ ታጥፎም ይቀመጣል። ከመጀመሪያው በኬጅ ላደገ ውሻ እሱን ከመግዛት የተሻለ የለም። ይህ ውሻ ግን በር በአፍንጫ መግፋት እንደሚያዋጣ ቀድሞ ተምሯል፤ የተጣጣፊው ጎኖች የሚያያዙት በቀጭን የሽቦ መንጠቆ ስለሆነ ጥግ ጥጉን እየገፋ ያላቅቀዋል፣ የጎበጠው ሽቦ ደግሞ ይወጋዋል። የፕላስቲክ ኬጅ ለጉዞ ጥሩ ነው፣ በአውሮፕላን ለሚሄድ ውሻም የሚፈለገው ጠጣሩ ፕላስቲክ ነው፤ ለየቀን ማቆያ ግን አየሩ ያንሳል፣ ጠርዙንም ያኝከዋል። የጨርቅ ኬጅ ዚፕ ለእንዲህ ያለ ውሻ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ኮምፔንሳቶና ጣውላ ሽንት ይመጥጣሉ፣ ስንጥቃቸው ውስጥ ቁንጫና መዥገር ይራባል። ስለዚህ ወደ ብየዳ ቤት ተመለሱ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ሥዕልና ቁጥር ይዘው።

ብረቱ

ለአፅሙ ባለ 20 በ20 ሚሊ ሜትር ቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት የሆነ አራት ማዕዘን ብረት)፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር። አሥራ ሁለቱ ጠርዞች 8.8 ሜትር፣ የበሩ ፍሬም 2.4 ሜትር ይወስዳሉ፤ ድምሩ 11.2 ስለሆነ ሁለት ባለ 6 ሜትር ቱቦላሬ በቂ ነው። ለፍርግርጉ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ፣ ቁም፣ በብረትና ብረት መካከል ያለው ክፍተት 4 ሴንቲ ሜትር። ረጃጅሞቹ ጎኖች ላይ 17፣ 17፣ ኋላው ላይ 11፣ በሩ ላይ 10፣ ጣሪያው ላይ 17። ይህ 45 ሜትር አካባቢ ነው፤ አራት ባለ 12 ሜትር ፌሮ ይሸፍነዋል፣ ከትርፉም ለወለሉ ሦስት ተሸካሚ ይወጣል። ባለ 8 ፌሮ በሜትር 0.395 ኪሎ ይመዝናል፤ ከቱቦላሬውና ከላሜራው ጋር ኬጁ ወደ 32 ኪሎ ይሆናል፣ ሁለት ሰው ያነሳዋል። እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ብየዳ ቤት መግባት ጥቅሙ ለዋጋ ብቻ አይደለም። ቁጥር የሌለው ደንበኛ የሚያገኘው በያጁ እጅ ላይ የተረፈውን ብረት ነው።

ፌሮዎቹ የተበየዱት ከፍሬሙ ውጭ ተለጥፈው ሳይሆን በፍሬሙ መሃል ገብተው፣ በሁለቱም ጫፍ ነው። ከውጭ የተለጠፈ ፌሮ ውሻው በገፋው ቁጥር ጭነቱ ብየዳው ላይ ብቻ ይወድቃል፤ መሃል የገባውን ግን ፍሬሙም ያግዘዋል። ቱቦላሬው ስስ ስለሆነ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይሻላል፤ ወፍራሙ ይበሳዋል። ከብየዳው በኋላ ውስጡ በሙሉ በግራይንደር ተላገ፤ መፈተሻው ቀላል ነው፣ አሮጌ የናይለን ስቶኪንግ እጅ ላይ አጥልቆ ብረቱን መዳበስ። የያዘው ቦታ ሁሉ እንደገና ይለሰልሳል።

በሩ በአጭሩ ጎን ሆኖ ወደ ውጭ ይከፈታል። መቀርቀሪያው ሁለት ነው፤ አንዱ ከላይ 15፣ ሌላው ከታች 15 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ። ሁለቱም ጫፋቸው ላይ ቀዳዳ አላቸው፤ ውሻው መቀርቀሪያውን በአፍንጫው እንዳያንሸራትት መንጠቆ ይገባበታል። ጓጉንቸር ግን አይደረግም፤ እሳት ቢነሳ ወይም ውሻው ቢታነቅ ጎረቤት ቁልፍ ሳይፈልግ መክፈት አለበት። በበሩ ሥር ያለው ክፍተት ከ2 ሴንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ከዚያ ካለፈ እግር ይገባና ይያዛል።

ቀለም ላይ መቸኮል አይገባም። ብረት የሚያኝክ ውሻ ቀለሙንም ይበላል። አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም)፣ ከላዩም እርሳስ የሌለው የዘይት ቀለም ተቀብቶ ሽታው እስኪጠፋ አንድ ሳምንት ያህል አየር ላይ ቆየ። ዝገት እንዳይኖር ብሎ በዚንክ የተለበጠ ብረት መምረጥ ብልህነት ይመስላል፤ ለሚያኝክ ውሻ ግን አይሆንም። ዚንክ ሲዋጥ ቀይ የደም ሕዋሳትን ያፈርሳል፣ ሲበየድም ጭሱ በያጁን ይጎዳል።

ወለሉ ዙሪያው 3 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ የታጠፈ የላሜራ ትሪ ነው፤ ተስቦ ወጥቶ ይታጠባል። የመጀመሪያው ኬጅ ላሜራው ባዶውን ስለነበር የደሴ ብርድ ከሥር ይገባል፣ ጥፍሩም እየተንሸራተተ ይንኳኳል፤ በዚያ ላይ የሚደነግጥ ውሻ ዕረፍት አይኖረውም። አሁን ትሪው ላይ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ አለ፤ በሳምንት አንድ ጊዜ ወጥቶ ፀሐይ ይመታዋል። ስፖንጅ አልተደረገም፤ ቆርጦ ከዋጠው አንጀት ይዘጋል። የማዳበሪያ ጆንያም አይሻልም፣ ክሩ ሲዋጥ አንጀትን ይሰበስባል። ማኘኩን ሲተው የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ ይጨመርለታል።

የት ይቀመጥ

እዚህ ላይ ወሎ ወሎነቱ አለ። ውሻ አፉን የከተተበት ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንዲታጠብ በእስልምና የታወቀ ነው፤ ለጥበቃ ውሻ መያዝ ግን የተፈቀደ ነው። የመጀመሪያው ኬጅ ከግቢው ቧንቧ አንድ እርምጃ ላይ ነበር፤ ጎረቤቶቹ ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን ትጥበት) የሚያደርጉት እዚያው ነው። ውሻው ራሱን ባራገፈ ቁጥር ለሀጩ ይረጫል፤ ኬጁ ሲታጠብም ውሃው ወደ ቧንቧው ሥር ይወርዳል። እስከዚያ ማንም ደፍሮ አልተናገረም፤ አዲሱ ኬጅ የት ይሁን ተብለው ሲጠየቁ ነው ትልቋ ጎረቤት ያወጡት፦ «አብሽሪ ልጄ፣ ውሻውን አልጠላነውም። ሌሊት ለኛም ይጮህልናል። ለሀጩን ብቻ ከቧንቧው አርቂልን።»

ኬጁ ወደ ጓሮ በረንዳ ሄደ፤ ከቧንቧው 6 ሜትር ይርቃል። ሊሾው ወደ ጓሮው ቦይ ስለሚያዘነብል የእጥበት ውሃ ወደ ሰው አይመለስም፤ ባልዲውና መጥረጊያውም ለብቻ ተደረጉ። ለውሻውም ቢሆን የተሻለው ይሄ ቦታ ነው፦ ጀርባው ግድግዳ፣ ፊት ለፊቱ ጓሮ፣ የውጭውን በር አያይም። ሁለቱ ጎኖች በሸራ ተጋርደዋል፤ ከላይም ከታችም 10 ሴንቲ ሜትር ለአየር ተትቷል። ጮሆ የሚያባርረው ሲያጣ ጩኸቱ ራሱ ቀነሰ። ቦታው ከመወሰኑ በፊት ጥላው ረፋድ 4 ሰዓትና ቀትር ላይ የት እንደሚደርስ ታይቷል፤ ጠዋት ጥላ የሆነ በረንዳ 5 ሰዓት ላይ ፀሐይ ቢገባበት ውሻው የሚሸሽበት የለውም።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ይህ ኬጅ ለአጥር ውስጥ ነው። ጅብ በሚያልፍበት ሰፈር አጥር የሌለው ግቢ ውስጥ ውሻን ዘግቶ ማሳደር ከማሰር አይሻልም።

ማስለመድ

ኬጁ ለጥቂት ቀን በሩ ክፍት ሆኖ ተቀመጠ፤ በሩ በነፋስ እንዳይጋጭ በሽቦ ተይዟል። ምግቡ በሙሉ ውስጥ፣ ጥግ ላይ ይቀርባል። የመጀመሪያውን ኬጅ ስለሚያስታውስ መጀመሪያ የኋላ እግሮቹን ውጭ አስቀርቶ፣ አንገቱን አስረዝሞ ነበር የሚበላው። ጎትቶ ማስገባት ሁሉን ያበላሻል። አራቱም እግሩ ሲገባ በሩ እየበላ ሳለ ተዘጋ፣ ሳይጨርስም ተከፈተ። ከዚያ አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት፤ ሰው አጠገቡ እያለ፣ ቀጥሎ ሰው ቤት ገብቶ፣ በመጨረሻ ሰው ከግቢ ወጥቶ። ሲጮህ አልተከፈተለትም፤ ዝም ብሎ ጥቂት ሲቆይ ነው የሚከፈተው። ግን ለሀጩ ከተዝረከረከ፣ ካለከለከና በሩን ከቧጨረ ይህ እልህ ሳይሆን ድንጋጤ ነውና ወደ ቀደመው ደቂቃ መመለስ ነው። አንድ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ወደ ሁለት ሰዓት ዘለሉ፣ ውሻውም ወደ አምስት ደቂቃው ተመለሰባቸው።

ከሁሉ በፊት ግን ጉልበቱ መውጣት አለበት። ልጃቸው ጎህ ሲቀድ 45 ደቂቃ ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ይዞት ይወጣል፤ ዳገቱ ከሜዳ ይልቅ ቶሎ ያደክመዋል። ሲመለስ ውሃ ይጠጣል፣ ይሸናል፣ ትንሽ ያርፋል፣ ከዚያ ይገባል። ይህ የቀረበት ቀን ኬጁ ምንም ያህል ቢያምር ይጮኻል፤ ጠዋት ለማውጣት ሰው የሌለው ቤት ኬጅ ከማሠራቱ በፊት እሱን ይፍታ።

ሲገባ የአንገቱ ማሰሪያ ይወልቃል፤ ፍርግርግ ላይ ተይዞ የሚታነቅ ውሻ አለ። የውሃ ጣሳው በመንጠቆ ከፍ ብሎ ተሰቅሏል፣ መሬት ላይ ከሆነ ይደፋዋል። የተቀቀለ አጥንት አይተውለትም፤ ተሰንጥቆ ጉሮሮ ይወጋል። ለአዋቂ ውሻ ቀን ላይ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት የመጨረሻው ልክ ነው፤ የዚህ ቤት አራት ሰዓት ተኩል ጫፉ ላይ ስለሆነ እማወራዋ ስታመሽ የጎረቤቷ ልጅ መጥቶ እንዲያወጣው ተስማምተዋል። ልጁ ውሻውን ስለሚነካ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ በየዓመቱ እንዲታደስ ሆኗል። ኬጅ ለዚያ ምትክ አይሆንም።

የቀሩ ጉድለቶች አሉ። ትሪው ከተሸካሚዎቹ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳ ነበር፤ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ጎማ ከሥሩ ሲገባ ዝም አለ። ክረምት ላይ ሽንትና ውሃ የሚያርፍበት የታችኛው ብየዳ ዝጓል፤ ተፍቆ እንደገና አንቲረስት ይቀባል፣ ውሻውም ሽታው እስኪጠፋ ውጭ ይቆያል።

ቤተሰቡ ዘመድ ጋ ኮምቦልቻ ሲከርም ኬጁ በፒካፕ ይሄዳል። ከውሻው ጋር ከ50 ኪሎ በላይ ስለሆነ የሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ እንዳይንሸራተት ከጋቢናው ጀርባ ተጠግቶ አራቱም ጥጉ በገመድ ይታሰራል፤ ውሻው ከመነሻው በፊት ሦስት አራት ሰዓት አይበላም፣ አለዚያ ያስመልሰዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ በ600 ሜትር ገደማ ዝቅ ስለሚል ሙቀቱ ሌላ ነው፦ እዚያ የጎን ሸራው ይነሣል፣ ከላይ ብቻ ይቀራል፤ ጣውላውም ወጥቶ ውሻው ጥላ ውስጥ ላሜራው ላይ ይተኛል።